የጉሮሮው ሰዓት

«ወንበር እንዳትሰጧት» አለች ድሩሲላ።

ቀስ ብላ ነው ያለችው። ግን ለቅሶ ቤት ነው፤ ቤቱ ጠባብ፣ ጆሮው ብዙ። በሩ ላይ የቆመችው ከርሊንም ሳትሰማ አልቀረችም፤ በጨርቅ የሸፈነችውን የድስት ዳቦ በሁለት እጇ እንደያዘች ባለችበት ቀረች። ዘማሪዎቹ መዝሙሩን አላቋረጡም። ነገር እንዳያመልጣቸው ድምፃቸውን ብቻ ዝቅ አደረጉት።

ብድግ ያሉት አክስት አይቫዴል ናቸው። የሟቹ የሴፋስ የእናቱ እህት ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ጥርስ የላቸውም፣ ምላስ ግን አላቸው።

«ነይ ልጄ፣ እኔ ቦታ ተቀመጪ። እኔስ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስቀመጥ ቂጤ ደነዘዘ።»

ከርሊን ተቀመጠች። ድሩሲላ ዐይኗን ግድግዳው ላይ ወደተገለበጠው መስታወት መለሰች። ሰው ሲሞት መስታወት ይገለበጣል። እሷ ግን ያኔ ምነው ባይገለበጥ አለች፤ ዞር ሳትል ከርሊን እንዴት እንደምታለቅስ ማየት ፈልጋ ነበር።

አለቀሰች ደግሞ። ልቅሶዋ ድምፅ የለውም። እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል፣ አትጠርገውም። ድሩሲላ ከሐሙስ ጀምሮ ጮኻለች፣ ደረቷን ደቅታለች፣ መሬት ላይ ተንከባላለች፤ እንባ ግን አንዲት ጠብታ አልመጣላትም። እና አሁን ይቺ ሴትዮ፣ በሷ ቤት፣ በሷ ባል፣ በሷ ዘመድ ፊት እንደ ልቧ ታፈሰዋለች! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ሰው ሁሉ ይህንኑ በልቡ እየተረተ ሁለቱን ሴቶች የሚያስተያይ መሰላት።

«ሻይ ስጧት» አሉ አክስት አይቫዴል።

የጠጅ ሣር ሻይ ተሰጣት። ድሩሲላ ቆጠረች፦ ሁለት ማንኪያ ስኳር። ለሷ አንድ ነበር ያደረጉላት።

እንግዲህ ነገሩን የሚያከብደው ሬሳ የሌለበት ለቅሶ መሆኑ ነው። ሴፋስ ሐሙስ ጠዋት ብቻውን ወደ ጉሮሮ ወጣ። ከቀትር በኋላ ታናሽ ወንድሙ ኦርመንድ ሲፈልገው ጀልባዋን ከነመልሕቋ የጉሮሮው ጠርዝ ላይ አገኛት። ሸሚዙ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ወደ ውሃው ቁልቁል የሚያይበት ታቹ መስታወት የሆነው ባልዲም ከጎኑ አለ። ሴፋስ የለም።

ጉሮሮ የሚባለው ከመንደሩ በሸራ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ባሕሩ እዚያ ጥልቅ አይደለም፤ ሰው ቆሞ ይሄድበታል፣ ነጩ አሸዋ ከላይ ይታያል። እንዲህ እያለ ሄዶ ሄዶ ድንገት መሬቱ ይከዳል። ክብ ጉድጓድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከነደወሉ ቢገባበት አይሞላውም። ውሃው ጥቁር እስኪመስል ሰማያዊ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ይውጣል፣ ባሕሩ ሲሸሽ ይተፋል። ልጆችን «ሉስካ አለች፣ በብዙ እጇ ጎትታ ትወስዳችኋለች» እያልን እናስፈራራቸዋለን። ትልልቆቹ በሉስካ አናምንም፤ ሲውጥ ግን በላዩ አናልፍም።

ኦርመንድ ባርኔጣውን አውልቆ ገባና ድሩሲላ እግር አጠገብ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ፓስተሩ ልከውኝ ነው። ነገ እሑድ ሦስት ቀን ይሞላዋል። ውሃ የበላው ሰው ከሦስት ቀን በላይ ታች አይቆይም፤ ይነሣል። ጉሮሮው ሲተፋው ጠርዙ ላይ የሚቀበለው ሰው ካለ፣ አለ። ከሌለ ሞገዱ ዙሪያውን በከበበው የኮራል ድንጋይ ክፍተት አውጥቶ ወደ ጥልቁ ይወስደዋል። ከዚያ ወዲያ የሴፋስ መቃብር የሚባል ነገር የለም። ፓስተሩ ሰኞ ባዶ ሣጥን እንቅበር ይላሉ።»

«ባዶ ሣጥን አልቀብርም።»

«እንግዲያው ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።»

«ዓርብ ነገርኳችሁ አይደል?»

ኦርመንድ መሬት መሬት አየ። ከጓዳ በኩል አንዲት ሴት ሳቋን በሳል ስትሸፍን ተሰማ።

ዓርብ የሆነውን የማያውቅ የለም። ወንዶቹ ተሰብስበው «ጉሮሮው መቼ ነው ሚተፋው?» ብለው ሲጠይቁ ድሩሲላ ደረቷን ነፍታ፣ «እኔ ሚስቱ ነኝ፣ እኔ አውቃለሁ። ባሕሩ ከዳር መሸሽ ሲጀምር ያን ጊዜውኑ ይተፋል» አለቻቸው። ቀትር ላይ ባሕሩ መሸሽ ሲጀምር ወጡ። ጉሮሮው ግን ገና እየዋጠ ነበር። የመጀመሪያዋ ጀልባ እንደ እንዝርት ሦስት ጊዜ ዞረች፤ ኦርመንድ ገመድ ባይወረውርላቸው ኖሮ ዛሬ ሁለት ለቅሶ ነበር የሚሆነው። ተመልሰው ሲመጡ አንዳቸውም አላናገሯትም። ከዚያ ወዲህ «ሂዱ» ብትላቸው የሚሄድ የለም።

አላወቀችም። እውነቱ ይሄ ነው። ለሠላሳ አንድ ዓመት የሴፋስ ሚስት ሆና የጉሮሮን ሰዓት አላወቀችም። ኦርመንድም አያውቅም፤ እሱ የሚሠራው በምዕራብ በኩል ከባሕር ሥር የሚበቅል ስፖንጅ ለቀማ ነው። ሰዓቱን አባት ለበኩር ልጁ ይነግራል፤ ልጅ ደግሞ ለቀዛፊው። ሌላ ሰው አይነገረውም፤ መንደሩ ሁሉ ካወቀ ጉሮሮው በዓመቱ ዓሣ አይኖረውም። የሴፋስ ቀዛፊ ደግሞ ማን እንደነበረች እዚያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሁለት ማንኪያ ስኳር የተደረገላት ናት።

«እትዬ» አለ ኦርመንድ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፤ «እዚሁ ተቀምጣለች። አንድ ቃል ነው። እኔ ጠይቄያት ነበር። “ሚስቱ ትጠይቀኝ” አለችኝ።»

«አየህ? ልታንበረክከኝ ነው።»

«ወንድሜ እኮ ነው!»

«ባሌ ነው» አለች ድሩሲላ።

ከርሊን ሻይዋን ጨርሳ ስኒውን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። ዳቦውን ትታው ሄደች። ማንም አልነካውም፤ ሽታው ግን እስከ ቀትር ቤቱን ሞላው።

* * *

ድሩሲላ ራሷ ነበረች አንድ ጊዜ ቀዛፊው።

አዲስ ተጋቢ ሆነው ነው። ሴፋስ ያኔ ቀጭን ነበር፣ ሳቂታ ነበር፤ ባልዲውን ውሃ ላይ አስቀምጦ ከጠርዙ ሥር የሚያድናቸውን ባለ ቅርፊት ሎብስተሮች ሲያይ እንደ ሕፃን ያፏጫል። ጠርዙን ተከትሎ ይወርዳል፤ እሷ ከኋላ ቆማ በአንዱ መቅዘፊያ ጀልባዋን ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ ትይዛለች። ሥራው ጉልበት አይፈልግም፤ ልብ ግን ይፈልጋል። ቀዛፊ ጓደኛው ሲወርድ ማየት የለበትም። ዳሩን እያየ ነው መያዝ ያለበት።

እሷ አየች። አንድ ቀን፣ ገና ሰዓቱን ሳይነግራት፣ መቅዘፊያውን ለቅቃ በባልዲው ቁልቁል አየች። ባሏ ወደዚያ ሰማያዊ ውስጥ ሲገባ አየችው፦ መጀመሪያ ወገቡ፣ ከዚያ እግሩ፣ ከዚያ ነጭ የእግሩ መዳፍ ብቻ። ማንም ሰው ወደ ሚስቱ እንዲህ እየተጣደፈ ሲሄድ አይታ አታውቅም። ቀናች። ሳቅ ነው፣ ግን እውነት ነው፤ በውሃ ጉድጓድ ቀናች። ቀና ስትል ጀልባዋ ሠላሳ ክንድ ሸሽታለች። ሴፋስ ትንፋሹ አልቆ፣ ዐይኑ ደም መስሎ ወጣና እየዋኘ ደረሰባት። በዙሪያው ሦስት ጀልባዎች ነበሩ።

«ዐይን ብቻ! እጅ የለሽም እንዴ አንቺ?» ብሎ ጮኸባት።

ሰዎቹ ሳቁ።

መቅዘፊያውን አስቀመጠች። «ከዛሬ ጀምሮ እግሬ ያንተን ጀልባ ከረገጠ እግሬ ይቆረጥ» አለች። ሠላሳ ዓመት አልረገጠችም። ሁለት ዓመት ለመናት። አበባ ያለበት ሻሽ ከናሶ ከተማ በፖስታ መርከብ አስመጣላት፤ ሻሹን አሠረች፣ ጀልባዋን አልረገጠችም። በሦስተኛው ዓመት ሌላ ቀዛፊ ያዘ፤ እሱ ሲሞት ሌላ፤ እሱም ሲሞት፣ ከዛሬ አራት ዓመት ጀምሮ ከርሊንን። ከርሊን ባሏ ሞቶባት ዘንባባ እየጎነጎነች የምትኖር፣ ጀልባ ከሚታሰርበት ከባሕር ደረጃው አጠገብ ቤት ያላት ሴት ናት። እጇ ጠንካራ ነው፣ ምላሷ አጭር ነው።

ድሩሲላ በጨዋታ አስመስላ፣ «የጉሮሮ ሰዓት እንዴት ነው?» ብላ ጠይቃው ታውቃለች።

«ነይ ጀልባው ላይ ውጪ፣ እነግርሻለሁ» አላት።

«ሚስትህ ነኝ፣ እዚሁ ንገረኝ።»

«ለሚስት አይነገርም፤ ለቀዛፊ ነው።»

እልኸኛ ከእልኸኛ ሲገጥም እንዲህ ነው። እሷም አልወጣች፣ እሱም አልነገራት። ከርሊን ግን ነገሩን በአንድ ሳምንት ውስጥ አወቀችው።

ከዚያ ወዲህ ድሩሲላ ምን ተኝታ ታውቃለች? የሎብስተሩን ቁጥር ሳይሆን የሄዱበትን ሰዓት ስትቆጥር፣ ሸሚዙን ስታሸት፣ ከርሊን የጎነጎነችውን ቆብ ሲያደርግ «ጭንቅላትህ ላይ ምን ወጣብህ?» ስትለው ኖረች። ያገኘችው ነገር የለም። ምንም አለማግኘቷ ደግሞ ባሰባት፤ እሳት የሌለው ጭስ ዐይን ያጠፋል።

ያለፈው እሑድ በምስክርነት ሰዓት ብድግ አለች። ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል፤ እሷ፣ «እዚህ ቤት ውስጥ በሌላ ሰው ድስት የምትበላ አለች፤ ጌታ ዐይኗን ያብራላት» ብላ ተቀመጠች። ስም አልጠራችም። ግን ጉባኤው ሁሉ አንገቱን ወደ አንድ ወገን አዞረ። ከርሊን ባርኔጣዋን አንሥታ ወጣች። ማክሰኞ ሴፋስ ጀልባውን ይዞ ደጇ ድረስ ቢሄድ፣ «ድስታችሁን ጠብቁ» ብላ በሩን ዘጋችበት።

ስለዚህ ሐሙስ ብቻውን ሄደ።

ይሄንን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በለቅሶው መሐል ሴቶቹ ከማድ ቤት ጀርባ ዓሣ እየላጩ የሚንሾካሾኩትም ይሄንኑ ነው።

«ቀዛፊውን ያባረረችበት እሷ አይደለች?»

«እንግዲህ ምላስ አጥንት የለው፣ አጥንት ይሰብራል።»

«ተይ፣ ባሏ ሞቶባት ነው። ደግሞ ትሰማሻለች።»

«ትስማ! እኔ እሷን ብሆን ኖሮ...»

«አንቺማ ባልሽ ቢጠፋ በሦስተኛው ቀን ነው የሚታወቅሽ።»

ሳቁ። ለቅሶ ቤት ሳቅ አይጠፋም።

የማያውቁት አንድ ነገር አለ። እሱን ድሩሲላ ብቻ ናት የምታውቀው፤ እሷም እስከ መጨረሻው አታውቀውም። ሐሙስ ጠዋት ሴፋስ ባልዲውን ይዞ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመችበት። ሁለት እጇን ዘርግታ መቃኖቹን ያዘች። ስለ እሑዱ ጠየቃት፤ እሷ ስለ አራት ዓመቱ መለሰችለት። ተናገረች፣ ተናገረች፣ ተናገረች። ቁርሱ፣ የተቀቀለው ዓሣና የበቆሎ ገንፎው፣ ከኋላው ቀዘቀዘ። እሱ ግን እሷን አያይም ነበር። በትከሻዋ አሻግሮ ወደ ውጭ፣ ወደ ባሕር ደረጃው ያያል፤ ቤቱን ሊለቅ አንገቱ ይንጠራራል። ከደረጃው አጠገብ ደግሞ ያለው የከርሊን ቤት ነው።

«እኔ እያናገርኩህ እሷን ታያለህ?» አለችው።

«ልቀቂኝ አንቺ ሴት! አለፈኝ!» አላት።

«ማን ናት ያለፈችህ?»

ከዚያም ሌላ ሩብ ሰዓት አቆየችው፣ ወይም ከዚያ በላይ። በመጨረሻ ክንዷን አንሥቶ ወጣ። ለሠላሳ አንድ ዓመት እጁን ጭኖባት አያውቅም፤ የዚያን ቀንም ቢሆን ቀስ አድርጎ ነው ያነሣው፤ እንደ ገመድ።

እና አሁን ሰዓቱን ብትጠይቅ፣ ሰዓቱን ታውቃለች። ሰዓቱን ካወቀች ደግሞ ያ ሩብ ሰዓት ምን እንደሠራ ታውቃለች። ከርሊን ፊት መንበርከኩ አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ሌላ ነው። ባዶ ሣጥን የቀለላት ለዚህ ነበር፤ ኦርመንድን «አልቀብርም» ብትለውም በልቧ ሣጥኑን ለክታው ነበር።

* * *

ፓስተሩ ራሳቸው መጡ፤ ከእንጨት ጠራቢው ጋር። ጠራቢው ሜትሩን አወጣና ግራ ገባው።

«ቁመቱን ከማን ልውሰድ? ከወንድሙ?»

ኦርመንድ ብድግ ብሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ጠራቢው ለካው። ኦርመንድ ከሴፋስ በጭንቅላት ያጥራል።

«ይበቃል» አሉ ፓስተሩ፤ «ለምልክት ነው እንጂ ሰው አይገባበትም።»

ድሩሲላ ተነሣች። ለምን ያኔ እንደተነሣች ኋላም ሲጠይቋት አላወቀችም። ባሏን በሌላ ሰው ቁመት መለካታቸው ይሆናል። ባሏ ያልተቀበረ ሴት ከደጇ አትወጣም፤ እሷ ግን በሴቶቹ መሐል፣ ደጅ ተቀምጠው ዶሚኖ በሚጫወቱት ወንዶች መሐል አልፋ፣ በጠራራ ፀሐይ ጫማ ሳታደርግ ቁልቁል ወረደች። ዶሚኖው ቆመ። አክስት አይቫዴል ከኋላዋ፣ «ተዉአት! እግሯን ትፍታ!» ሲሉ ሰማች።

ከርሊን በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ዘንባባ ትጎነጉናለች። ቀና አላለችም።

«ወንበር አለ» አለች። «እኔ ቤት ወንበር አይከለከልም።»

ድሩሲላ አልተቀመጠችም።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«እንደ ፈቀድሽ። ከዚያስ አትጠይቂኝም?»

«ምኑን?»

«ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን።»

ድሩሲላ የበረንዳውን ቋሚ ያዘች። እዚያ ቋሚ ላይ የተንጠለጠለ የሴፋስን ነገር፣ ቢላም ይሁን ቆብ፣ ዐይኗ ሳትፈቅድለት ይፈልግ ነበር። የለም።

«እሱን ብጠይቅሽ» አለች፤ «ወይ ትዋሺኛለሽ፣ ወይ እውነቱን ትነግሪኛለሽ። እኔ ሁለቱንም አልችልም። ሰዓቱን ንገሪኝ።»

ከርሊን ጉንጉኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ጉሮሮው ከባሕሩ ጋር እኩል አይዞርም» አለች፤ «ይዘገያል። ሰዓቱ ያ ደረጃ ነው።» በአገጯ ወደ ባሕር ደረጃው አመለከተች። የድንጋይ ደረጃ ነው፤ አምስት እርከን አለው፣ ሰው ሁሉ ጀልባ የሚያስርበት። «ከታች ቁጠሪ። ባሕሩ ሲሸሽ ሦስተኛው እርከን እስኪገለጥ ድረስ ጉሮሮው ገና ይውጣል። ከተገለጠ በኋላ ይቆማል፤ አምስት አንቀጽ ያለው መዝሙር እስኪያልቅ። ከዚያ ይተፋል። ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ እንደዚያው፦ ውሃው ሦስተኛውን ሲነካ መትፋቱን ያቆማል፣ ያንኑ ያህል ይቆያል፣ ከዚያ መዋጥ ይጀምራል። ሴፋስ የሚወርደው በዚያ መዝሙር መሐል ነው። ስለዚህ ከዚህ የሚነሣው ውሃው ገና ሁለተኛው ላይ እያለ ነው።»

ድሩሲላ ደረጃውን አየች። ከዚያ ዞር ብላ ዳገቱ ላይ ያለውን የራሷን ቤት አየች። በሯ ከዚህ ወለል ብሎ ይታያል። በሯ ላይ ቆሞ በሰው ትከሻ አሻግሮ የሚያይ ሰው ምን እንደሚያይ አየች፦ ደረጃውን። እርከኖቹን ሲቆጥር ነበር። ሌላ ምንም አያይም ነበር። ሁለተኛው ሲሸፈን አየ፣ ውሃው ወደ ሦስተኛው ሲወጣ አየ፤ እሷ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች።

«ሐሙስ ሲወጣ» አለች፤ «ሦስተኛው ተሸፍኖ ነበር። እኔ ነኝ በሩን የያዝኩበት። እኔ ነኝ።»

ለማንም አልተናገረችውም ነበር። ለዚች ተናገረችው። ከርሊን አሁን ተነሥታ በመንደሩ ሁሉ ብታወራው መብቷ ነው ብላ ጠበቀች። የወንበሩንም የድስቱንም ዕዳ የምትከፍለው አሁን ነው።

ከርሊን ግን ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

«አውቃለሁ» አለች። «አይቼዋለሁ። እዚችው ተቀምጬ፣ ይሄንኑ ጉንጉን ይዤ። ፊት ለፊቴ ነው ሸራውን የዘረጋው። የቀዛፊ ሥራ መቅዘፍ ብቻ መሰለሽ? ሥራው “አልፏል፣ ዛሬ የለም” ማለት ነው። ወንድ ልጅ ውሃ ላይ ራሱን እምቢ አይልም። ብጮህ ይሰማኝ ነበር። “ሴፋስ፣ አልፎሃል!” ብል። አፌ ድረስ መጣ።» ጭኗ ላይ ያለውን ጉንጉን ገለበጠችው። «ከዚያ፣ ሚስቱ ትጩህለት፣ አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ጎነጎንኩ።»

ሁለቱም ደረጃውን አዩ። ባሕሩ እየሞላ ነበር።

«ስለዚህ ነው ዳቦ ይዤ የመጣሁት» አለች ከርሊን። «ለሱ አይደለም፣ ለአንቺ ነው።»

ድሩሲላ ተቀመጠች። ወንበሩ ላይ ሳይሆን በረንዳው ወለል ላይ። እንባዋ አሁንም አልመጣም።

«ነገ ከሰዓት በኋላ ነው ሦስተኛው የሚገለጠው» አለች ከርሊን። «ወንዶቹ ዓርብ ሞትን አይተዋል፤ አሁን እኔ ብናገርም ጠርዙ ድረስ አይወጡም። ኦርመንድ ከሩቅ ሆኖ ይጠብቅ ይሆናል። ጠርዙ ላይ ግን ጀልባ የሚይዝና ከውሃ የሚስብ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።»

«እኔ ጀልባውን አልረግጥም ብዬ ምያለሁ።»

«ሰምቻለሁ። እግርሽን ትቆርጪው ይሆናል እንግዲህ።»

* * *

እሑድ ከምሳ በኋላ መንደሩ ሁሉ ደረጃው ላይ ወጣ። መዝሙር አልነበረም። ሦስተኛው እርከን ጫፉ ብቅ ሲል ድሩሲላ ቀሚሷን ሰብስባ በአንድ እርምጃ ጀልባዋ ውስጥ ገባች። አክስት አይቫዴል ብቻ፣ «ጎበዝ! እግሯም አልተቆረጠ» አሉ።

ሄዱ። ኦርመንድ በራሱ ጀልባ በሩቁ ተከተላቸው። ሲደርሱ የመዝሙሩ ጊዜ አልፎ፣ ጉሮሮው መትፋት ጀምሯል፤ ሰማያዊው ውሃ ከመሐሉ እንደ ተጣደ ድስት ቀስ እያለ ያብጣል። ከርሊን ከኋላ ቆማ መቅዘፊያውን ያዘች፤ ዐይኗን ዳሩ ላይ ተከለች፣ አንድ ጊዜም ወደ ታች አላየችም። ድሩሲላ ከፊት ተንበርክካ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች። ቀዝቃዛ ነው። ከታች፣ ፀሐይ ከማያውቀው ቦታ የሚመጣ ውሃ ነው። ጥቋቁር መስመር ያላቸው ቢጫ ዓሦች ሁሉም ፊታቸውን ወደ ጉድጓዱ አዙረው ከሚወጣው ውሃ ጋር ይታገላሉ። የባሕር ሣር ወጣ። ቅጠል ወጣ። የአንድ አሮጌ ቅርጫት ስባሪ ወጣ።

ብዙ ጠበቁ። ድሩሲላ በልቧ ጉድጓዱን ትሰድበው ነበር። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰጥቼሃለሁ፣ በቃህ፣ መልስልኝ፣ አንተ ሆዳም» ትለዋለች። እያሳሳቀ ነው የወሰደው፣ እንደ ውሃ ሁሉ።

ከዚያ ነጭ ነገር አየች። የእግር መዳፍ። ቀጥሎ እግሩ፣ ቀጥሎ ወገቡ፤ ያን ጊዜ በሄደበት አኳኋን፣ ወደ ኋላ።

«ግራ!» ብላ ጮኸች። «ከርሊን፣ ወደ ግራ! ያዢ!»

ከርሊን ያዘች። ጀልባዋ ንቅንቅ አላለችም። ሞገዱ ወደ ኮራሉ ክፍተት ሊጎትተው ሲጀምር ድሩሲላ ሁለት ክንዷን በብብቱ አስገብታ ስትስበው ጀልባዋ ውሃ እስክትቀዳ አዘነበለች። የድሩሲላ ጎን ተላጠ። ሳበችው። ገባ። ከበደ፣ ረጅም ነበር፤ ኦርመንድ ሊሆን አይችልም፣ ማንም ሊሆን አይችልም።

ሸራውን አለበሰችው። ፊቱን አላየችም፤ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው፤ ከየት እንደመጣ አታውቅም፣ ሁሉንም አለቀሰችው፣ እስኪበቃት።

ቀና ስትል ከርሊን ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። እየቀዘፈች ነው። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ እጇ ግን ሥራውን አልለቀቀም።

ድሩሲላ ራሱን ከጭኗ አንሥታ በተጠቀለለው ገመድ ላይ አስቀመጠችው። ተነሣችና ሚዛኗን ጠብቃ ወደ ኋላ ሄደች።

«መቅዘፊያውን አምጪ።»

«ምን?»

«አምጪው እልሻለሁ። አንቺ ሂጂ ወደዚያ።» በእጇ ወደ ፊት፣ ወደ ሸራው አመለከተች። «እስከ ደረጃው ድረስ ነው። ደረጃው ጋ የኔ ነው፤ እዚያ ከኋላ ነው የምትቆሚው፣ አንዲት ቃል እንዳልሰማ።»

ከርሊን አየቻት። መቅዘፊያውን ሰጠቻትና ሄዳ ተንበረከከች።

ድሩሲላ ፊቷን ወደ ዳር አዞረች። ከኋላዋ የሸራው ጨርቅ ሲገለጥ ሰማች። ልቧ ተቃጠለ፤ አልዞረችም። ከሩቅ ኦርመንድ ተነሥቶ ባርኔጣውን እያወዛወዘ ፍጠኑ፣ ፍጠኑ ይላቸዋል። ደረጃውም፣ ደረጃው ላይ ያለው ሰውም መታየት ጀምሯል።

መቅዘፊያውን ከውሃው አወጣችና ያዘችው። ጀልባዋ ራሷ ቀስ እያለች ትሂድ፤ ከርሊን እስኪበቃት።